ይሰረዛል እንጂ አይፋቅም

ጥቅምት 12 ቀን

ለጋሼ፤

ደብዳቤህን ሁለት ጊዜ አነበብኩት፤ አንድ ጊዜ ለሐሳቡ፣ አንድ ጊዜ ለእጅ ጽሕፈቱ። ከሆስፒታል በወጣህ በማግስቱ የጻፍከው መስመሩ ወደ ቀኝ ያዘቀዝቅ ነበር፤ ይኸኛው ቀጥ ብሏል። ይህን እንደ ማስረጃ አልቆጥረውም፤ ሆኖም ደስ ብሎኛል። እትዬስ እንደምን አለች? አሥራ ዘጠኝ ቀን ከሕሙማን ክፍሉ በር ሳትነቃነቅ የከረመች ሴት አሁን በእጇ ስትገባላት ምን ያህል እንደምትቆጣህ ከዚህ ሆኜ ይሰማኛል። ትቆጣህ፤ ይገባሃል።

ጥያቄዎችህን በቅደም ተከተል ልመልስ።

አንደኛ፣ «ከዳንኩ በኋላ ደሜን ምን ያደርጉታል?» ላልከው። ቫይረሱ ከሳንባህ ወጥቷል። እሱን ሲታገል የከረመው የሰውነትህ መከላከያ ግን በዚያው ቀን ወደ ቀድሞ ቦታው አይመለስም። በሚገባህ በሚዛን ፈታሽ ቋንቋ ልሞክር፤ ከባድ ጭነት ለብዙ ቀን የተጫነበት የስፕሪንግ ሚዛን ጭነቱ ሲነሣለት ጠቋሚው ምን ይሆናል? አንዳንዱ ወዲያው ዜሮ ላይ ያርፋል። አንዳንዱ ሲንቀጠቀጥ ይቆያል። አንዳንዱ ከዜሮ ፈቀቅ ብሎ ይቀራል። የእኛ ጥናት የሚጠይቀው ይህንኑ ነው። በአምስት ሆስፒታሎች በጽኑ ታመው የዳኑ አንድ መቶ አሥራ ሁለት ሰዎች በሰባተኛው፣ በሠላሳኛው፣ በዘጠናኛውና በመቶ ሰማንያኛው ቀን ደም ይሰጣሉ። እኛ ነጭ የደም ሴሎቻቸውን አንድ በአንድ በብርሃን ፊት እያሳለፍን እንቆጥራለን፤ የትኞቹ ተመለሱ፣ የትኞቹ ዝለዋል፣ የትኞቹ ጠቡ ማብቃቱን ገና አልሰሙም።

ሁለተኛ፣ «የእኔን ለይተሽ እይልኝ» ላልከው። አልችልም፤ ብችልም አላደርገውም። መሣሪያው የሚሰጠን የነጥብ ደመና ነው። ይህ የደከመ ሴል ነው፣ ይህ ጤነኛ ነው ብሎ በደመናው መካከል መስመር የሚያሰምረው የሰው ዓይን ነው፤ በዚህ ጥናት ደግሞ የእኔ ዓይን። እጄ የሚያሰምረው ለወንድሜ መሆኑን ካወቀ አንዲት ፀጉር ታህል ያዘነብላል። ከአንተ በላይ ይህን የሚያውቅ የለም። ወንድሜ ከታካሚዎቹ አንዱ መሆኑን ለኃላፊዬ በጽሑፍ አስታውቄአለሁ፤ የፈቀደችልኝም ስምህ ወደ እኛ ስለማይመጣ ነው። የሚደርሰን ቁጥር ብቻ ነው።

ሦስተኛውን ጥያቄህን፣ ማለትም «ትበያለሽ ወይ?» የሚለውን፣ በአዎንታ እመልሳለሁ።

እህትህ


ኅዳር 3 ቀን

ለእታለም፤

ሰላምታዬ እንደ ቁመትሽ ይድረስሽ። ቁመትሽን የማውቀው በበሩ መቃን ላይ ምልክት እያደረግሁ ስለሆነ ልኩ አይጠረጠርም።

ትናንት ሠላሳኛ ቀኔ ነበር። ጠዋት ደም ሰጠሁ። ቀጂዋ ነርስ ቀጭን ናት፤ ንፋስ የሚወስዳት ትመስላለች፤ እጇ ግን አይስትም። እኔ እንደ ልማዴ መዝገቤን አውጥቼ መጻፍ ጀመርኩ።

«አባት፣ ምን ይጽፋሉ?» አለችኝ።

«የምታደርጊውን።»

«ሊከሱኝ ነው?»

«ልክ ብትሠሪም እጽፋለሁ፤ ብትሳሳቺም እጽፋለሁ። እስካሁን ልክ ነሽ።»

«እንዲያው ባለቤትዎ እንዴት ቻሉዎት?» ብላ ሳቀች። ባለቤቴ በር ላይ ቆማ ስለነበር «አልቻልኩትም!» ብላ ጮኸች። ሰው ሁሉ ሳቀ።

አንቺ በመሣሪያ የምትሠሪውን እኔ በእርሳስ እሠራለሁና የመዝገቤን ቃል ቃል በቃል እገለብጥልሻለሁ፦ «ኅዳር 2፤ ሦስት ሰዓት ከአሥር፤ ግራ ክንድ፤ አንድ ጊዜ ብቻ ተወጋ፤ ሦስት ብልቃጥ፤ ክዳናቸው ወይን ጠጅ፤ የተለጠፈባቸው ቁጥር 4061፤ ብልቃጦቹ ስምንት ስምንት ጊዜ ተገላብጠዋል፣ አልተናጡም።» ይኸው። ሥራ ማለት እንዲህ ነው።

ሥራ ጀምሬአለሁ፤ ለጊዜው ግማሽ ቀን። ሚዛን ቤታችን አሁንም ሦስተኛ ፎቅ ነው። ስለ ደረጃው በስልክ የጠየቅሽኝን በተመለከተ፣ ሃምሳ አራት ነው፤ አልጨመረም አልቀነሰም።

ሰው «ደምህን የት ወሰዱት?» ሲለኝ «እህቴ ጋ» እላለሁ። የተከበረ ደም ነው እንግዲህ፤ ዩኒቨርሲቲ ገብቷል። እኔ እንኳ አልገባሁም።

ወንድምሽ


ኅዳር 22 ቀን

ለእታለም፤

ኅዳር 12 የጻፍሽው ደረሰኝ። ከወትሮው ያነሰ ነው፤ አንድ ገጽ ከሩብ። «ጋሼ» የሚለውም አንድ ጊዜ ብቻ ነው ያለው።

መጀመሪያ ጥፋቴን ልውሰድ። ቁጥሩን ልጽፍልሽ አይገባኝም ነበር። አንቺ «ስም አይመጣም፣ ቁጥር ብቻ ነው» ስትዪኝ ነገሩ ሊገባኝ ይገባ ነበር። ሠላሳ ዓመት ሙሉ የተለጠፈ ቁጥር አይቼ ሳልጽፈው ያለፍኩበት ቀን የለም፤ በሽታው ይኸ ነው፤ ለዚህኛው ክትባት አልተገኘለትም። አሁን ከመቶ አሥራ ሁለቱ የትኛው እኔ እንደሆንኩ አውቀሻል። ይህን ያደረግኩት እኔ ነኝ። ይቅርታ አድርጊልኝ።

አሁን ወደ ጠየቅሽኝ ነገር። ያን ገጽ ከመዝገቤ ቀድጄ እንዳቃጥለው፣ ደብዳቤሽንም አብሬ እንዳቃጥል፣ አንቺም ቁጥሩን እንዳላየሽ ሆነሽ ማንበብሽን እንድትቀጥዪ። እታለም፣ አላደርገውም። ገጹ በቦታው አለ። ደብዳቤሽን ደግሞ ከዚህ ጋር መልሼልሻለሁ፤ የአንቺ ነውና የምታደርጊውን አድርጊ።

የሁለት መቶ ግራሙን ድንጋይ ታስታውሽው እንደሆነ እንጃ። ስምንት ዓመትሽ ነበር፤ እናትና አባታችን ካለፉ ሁለተኛ ዓመታቸው። ድንጋይ እንላለን እንጂ ናስ ነው። በእጅ አይነካም፤ የእጅ ቅባት ራሱ ክብደት አለውና በወረንጦ ነው የሚነሣው። እኔ ቸኩዬ በእጄ አነሣሁት፤ አመለጠኝና ሲሚንቶ ላይ ወደቀ። ከጠርዙ የሰናፍጭ ቅንጣት ታህል ሄደች። ማንም አላየኝም። መጉደሉን ማመን አልፈለግሁም መሰለኝ፣ በዚያው ድንጋይ ሁለት ቀን ሙሉ የአርባ አንድ ሱቅ ሚዛን ፈተሽኩበት።

በሦስተኛው ቀን ማታ ገበታ ላይ መዝገቡን ዘርግቼ አርባ አንዱን መስመር አንድ በአንድ ስሰርዝ አንቺ ላጲስሽን ይዘሽ መጣሽ። «ጋሼ፣ በዚህ ብታጠፋው አይሻልም?» አልሽኝ። ምን እንዳልኩሽ አንቺ ታውቂዋለሽ። ይሰረዛል እንጂ አይፋቅም። የተሰረዘ ከመስመሩ ሥር ሆኖ ይናገራል፤ የተፋቀ ግን ማንንም አያስተምርም።

በማግስቱ አርባ አንዱንም ሱቅ በእግሬ ዞርኩ። «ደግሞ መጣህ? ምን፣ ሚዛናችን ውስጥ ቀለበትህን ረሳህ?» ያላለኝ ባለሱቅ የለም። ከአርባ አንዱ ልኩ የተዛባው ስድስቱ ብቻ ሆኖ ተገኘ። ያ ድንጋይ ግን ዛሬም ሣጥኑ ውስጥ በቦታው አለ፤ ማንም እንዳይሠራበት ቀይ ክር አስሬበታለሁ። አልጣልኩትም።

አንድ ነገር ልጨምር። ደብዳቤሽ ለምን እንዳጠረ ገምቻለሁ። ጠቋሚ ዝም ሲልም አንድ ነገር እየተናገረ ነው። ያየሽውን ግን እንዳትነግሪኝ። አልጠይቅሽም።

ወንድምሽ


ታኅሣሥ 1 ቀን

ለጋሼ፤

በዚህ ደብዳቤ «ጋሼ» የሚለውን ቃል አልቆጥርም፤ አንተ ቁጠረው።

ያን ደብዳቤ በመጻፌ አፍራለሁ። ማመካኛ ላቀርብ አልፈልግም፤ የሆነውን ብቻ አስቀምጣለሁ። የአንተ ደብዳቤ የደረሰኝ ኅዳር 10 ነው። የሠላሳኛውን ቀን ናሙናዎች ከሁለት ቀን በፊት አንብቤ ጨርሼ ነበር። ቁጥሩን ሳይ የነጥብ ደመናው ዓይኔ ውስጥ ነበረ። ከዚያ በኋላ ያሰብኩት ስለ ጥናቱ አይደለም። ማንበቡን ለሌላ ከሰጠሁ አንተን ከዓይኔ አጣሃለሁ ብዬ ፈራሁ። ሞኝነት መሆኑን አውቃለሁ፤ ደም አይቼ ሰው የማድን ይመስል። ጥፋቱም ሁሉ የአንተ አይደለም፤ «ቁጥሩን እንዳትነግረኝ» ብዬ መጻፍ የነበረብኝ እኔ ነኝ። ጠባይህን እያወቅሁ።

ኅዳር 29 የአንተን መልስ በቦርሳዬ ይዤ ወደ ኃላፊዬ ቢሮ ገባሁ። ንግግራችንን እንደ መዝገብህ ልገልብጥልህ።

«ቁጥሩን ካወቅሽ ስንት ቀን ሆነሽ?» አለችኝ።

«አሥራ ዘጠኝ።»

«አሥራ ስምንቱን ምን ስትሠሪ ነበር?»

«ስፈራ።»

«አሥራ ዘጠነኛው ላይስ ምን ተገኘ?»

«ወንድሜ ገጹን አልቀድም አለ።»

መልስህን እንድታነብ ሰጠኋት። ቀይ ክሩ ጋ ስትደርስ መነጽሯን አወለቀች። «ወንድምሽ የት ነው የተማረው?» አለችኝ። ሚዛን ቤት ነው አልኳት። ሳቀች። በስድስት ዓመት ውስጥ ስትስቅ ሳያት ይህ ሁለተኛዬ ነው። ከዚያ ሳቁን መልሳ አስቀመጠችና ውሳኔዋን ነገረችኝ። ከዛሬ ጀምሮ የዚህን ጥናት ናሙና አላነብም። እስካሁን ያነበብኳቸውም በሙሉ፣ ሁለት መቶ ሃያ አራት ናሙና፣ ነገሩን በማያውቅ ሰው እንደገና ይነበባሉ። የሚያነባቸው «ዝምታው» የምንለው ባልደረባችን ነው፤ ለምን እንደሆነ እንኳ አልጠየቀም። በጥናቱ ጽሑፍ ላይ ስሜ ከፊት ይሆናል የተባለው ቀርቷል። እኔ አሁን የማቀዝቀዣዎቹን ሙቀት በቀን ሦስት ጊዜ እመዘግባለሁ። አትሣቅ። በእርሳስ ሳይሆን በእስክሪብቶ ነው የምጽፈው፤ ላጲስም የለኝም።

አሁን የማይነገረውን ከሚነገረው ልለይ። ያየሁትን አልነግርህም። ነገር ግን የጥናቱ ደንብ እንዲህ ይላል፤ ለሕይወት የሚያሰጋ ነገር የታየበት ሰው ሐኪም በዚያው ቀን ይነገረዋል። የአንተ ሐኪም ስልክ አልተደወለለትም። ይህን ያህል ማወቅ መብትህ ነው፤ ከዚህ አልፈህ አትተርጉመው።

ስለ ሰዎች በጠቅላላው ግን የታወቀውን ልጻፍልህ። በጽኑ ሕመም ወቅት ዋነኞቹ ጠባቂ ሴሎች ከደም ውስጥ ቁጥራቸው እጅግ ይመነምናል። ሲድኑ በብዙዎች ላይ በሳምንታት ውስጥ ይመለሳሉ፤ በአንዳንዶች ግን ወራት ይፈጃል፤ የተመለሱትም ቢሆኑ የረጅም ሥራ ድካም ምልክት ተሸክመው ነው። በደም ውስጥ የሚንሳፈፈው ፀረ እንግዳ አካል ከፍ ብሎ ከፍ ብሎ ኋላ ይወርዳል። ይህ መውረድ ሰውን ያስደነግጣል፤ ሊያስደነግጥ ግን አይገባም፤ በአንጻሩ አስታዋሽ የሚባሉት ሴሎች ቫይረሱ ከሄደ በኋላ እንኳ ለወራት ትምህርታቸውን ይቀጥላሉ። ጠላት የሌለበት ቤት ተቀምጠው መልኩን ያጠናሉ። ስለዚህ የአንድ ቀን ንባብ ፍርድ አይደለም፤ የመንገድ ላይ ምልክት ነው። እባክህ ይህን የመጨረሻውን ዓረፍተ ነገር ሁለት ጊዜ አንብበው። እኔም ለራሴ በየቀኑ አነበዋለሁ።

ደግሞ ደረጃው ሃምሳ አራት እንደሆነ ነግረኸኛል። ስንት ጊዜ እንደምትቆም ግን አልነገርከኝም። ለእኔ አትንገረኝ፤ ለሐኪምህ ንገረው።

እህትህ


ጥር 4 ቀን

ለእታለም፤

«ጋሼ» ሁለት ጊዜ ነው። አንዱ ቃሉን ለመጥቀስ የተጻፈ ስለሆነ አልቆጠርኩትም።

ደብዳቤሽን ባለቤቴ ጮክ ብላ አነበበችልኝ። «ስፈራ» ያልሽው ጋ ስትደርስ ቆም አለችና «ይህችን ልጅ ማን አሳደጋት?» አለችኝ፤ እያወቀች። አንዳንድ ጥያቄ መልሱ ደረት ያስነፋል፤ የእኔ ደረት ደግሞ ሐኪም ቀስ በል ብሎታል።

ከትናንት በስቲያ ዘጠናኛው ቀን ነበር። ነርሷ ብልቃጡ ላይ ቁጥሩን ልትለጥፍ ስትል ዓይኔን ጨፈንኩ። ጥርቅም አድርጌ።

«ውይ አባት! በዚህ ዕድሜ መርፌ ይፈራሉ እንዴ? ባለፈው ጀግና ነበሩ እኮ!»

ምን ልበላት? ቁጥር ካየሁ መጻፍ አይቀርልኝም፣ ከጻፍኩ ደግሞ ለእህቴ እልካለሁ ልበላት? «አዎ እፈራለሁ» አልኳት። ሕፃን እንደምታባብል አባብላኝ ወጣች። አሁን ሆስፒታሉ ሁሉ የሚዛን ቤቱ ሰውዬ መርፌ ይፈራል እያለ ያወራል። ላንቺ ስል የተሸከምኩት ስም ነው፤ ጻፊልኝ።

ለሐኪሙ ነግሬዋለሁ። ለአንቺ የደበቅኩትንም እዚሁ ልግለጠው፤ አንቺ ከእንግዲህ ስለማታነቢ ሚዛን አያዛባም። በኅዳር መጀመሪያ ሦስተኛ ፎቅ ለመድረስ አምስት ጊዜ ነበር የምቆመው፤ አሥራ ሁለተኛው፣ ሃያኛው፣ ሃያ ሰባተኛው፣ ሠላሳ ስድስተኛውና አርባ አምስተኛው ደረጃ ላይ። በታኅሣሥ አራት። አሁን ሦስት። ሃያ ሰባተኛው መዞሪያው ላይ ስለሆነ መሥሪያ ቤቱ ወንበር አስቀመጠልኝ። ልጆቹ «ፌርማታ» ብለውታል። ስቀመጥ «ወራጅ አለ!» ይላሉ። እስቃለሁ፤ ስስቅ ደግሞ ያስለኛል፤ ስስል ይደነግጡና ውኃ ይዘው ይሮጣሉ።

ሳጥኑን ግን ገና አላነሣሁም። የድንጋዮቹን ሳጥን፤ አሥራ አንድ ኪሎ ነው። ሌላ ሰው ይዞልኝ ይወጣል። ይህን ስጽፍ ደስ አይለኝም፤ ግን ተጽፏል።

ከእንግዲህ ጥናቱ እስኪዘጋ ድረስ ስለ ጤናዬ አልጽፍልሽም። አታነቢም ብለሽኛል፤ ቢሆንም ያው ጥናቱ ያለበት ቤት ውስጥ ነሽ፤ ፊትሽ ይናገራል። አንዴ በሰናፍጭ ቅንጣት ተቀጥቻለሁ።

ስምሽ ከፊት ስለመቅረቱ፤ እኔ ስምሽን ያወጣሁልሽ ከፊት እንዲሆን ብዬ አይደለም።

ወንድምሽ


ሚያዝያ 4 ቀን

ለእህት ዓለም፤

ይህን የምጽፈው እኔ የወንድምሽ ሚስት ነኝ፤ እሱ ሥራ ሄዶ ነው። ሙሉ ቀን። ውይ፣ ይህም ምስጢር ይሆን እንዴ? በቃ አመለጠኝ።

ልጄ፣ ይህ ሰው ቤቱን የፈተና አዳራሽ አደረገብኝ። ስልክ ስትደውዪ «ደህና ነው በያት፣ ሌላ ቃል እንዳትጨምሪ» ይለኛል። «እህቱ እኮ ናት» ስለው «ለዚህ እኮ ነው» ይለኛል። አስምሎኛል። ስለዚህ ስለ ሳንባው፣ ስለ ደረጃው፣ ስለ ምኑም አልነግርሽም። ቃሌን እጠብቃለሁ።

ስለ ጫማው ግን አላስማለኝም። ከሆስፒታል ሲወጣ የገዛሁለት ጫማ ተረከዙ በስድስት ወር ውስጥ አለቀ። ጫማ ሠሪው «ጋሼ ፖስተኛ ሆኑ እንዴ?» አለኝ። አዲስ ተረከዝ አስመታሁለት። እሱም ሊያልቅ ነው።

ፌርማታ ያሉት ወንበርም ወደ ቢሮ ተመልሷል፤ እንግዳ ይቀመጥበታል። ይህ ስለ ወንበር እንጂ ስለ እሱ አይደለም።

አንቺ ግን እንዴት ነሽ? ደብዳቤሽ ሁሉ መልስ መልስ ነው፤ እስቲ አንድ ቀን ያልተጠየቅሽውን ጻፊ።

እትዬሽ


ሐምሌ 8 ቀን

ለጋሼ፤

እትዬ ያልተጠየቅሁትን እንድጽፍ አዛኛለች፤ ስለዚህ በእሱ ልጀምር። ኮርቼብሃለሁ። ይህን ዓረፍተ ነገር ከማንኛውም ማስረጃ ጋር ለማያያዝ አልሞከርኩም።

ጥናቱ ሰኔ 30 ተዘጋ። ቁጥሮቹ ከስሞቹ ጋር የተገናኙት በሦስት ሰዎች ፊት ነው፤ ተፈራርመናል። በፈቃድ ቅጽህ «ውጤቴን ማወቅ እፈልጋለሁ» የሚለው ሣጥን ላይ ምልክት ማድረግህን አይተናል፤ ሁለት ጊዜ ነው ያደረግኸው፤ ዝምታው እንኳ ፈገግ አለ። ሐኪምህ አስቀድሞ ነግሮሃል። እኔ የምጨምረው የራሴን ድርሻ ነው።

ኅዳር 8 ቀን ያነበብኩት ይህ ነበር፤ ከመቶ አሥራ ሁለቱ ሰዎች ጠባቂ ሴሎቹ ያነሱት ሰው አንተ ነበርክ። የመጨረሻው። ከጤነኛ ሰው ሲሶ አይሞሉም፤ ያሉትም ላይ የድካሙ ምልክት ከሁሉ በላይ ደምቋል። ያን ቁጥር ስምንት ወር በሆዴ ይዤ ከረምኩ። በስልክ ስታስል እቆጥር ነበር።

አሁን ደግሞ የማፍርበትንና የማላፍርበትን አንድ ላይ ስማ። ዝምታው ሁለት መቶ ሃያ አራቱን እንደገና ሲያነብ፣ በአሥራ ሰባቱ ላይ እኔ መስመሩን ያሰመርኩት ከሚገባው ዝቅ ብሎ ተገኘ። ያኔ ማንንም አላውቅም ነበር፤ ማዳላት አይደለም፤ የዓይን ድካም ነው። ከአሥራ ሰባቱ አንዱ የአንተ ነበር። በትክክለኛው ንባብ አንተ የመጨረሻው ሳይሆን ከመጨረሻ አራተኛው ነህ። ገጹ ተቃጥሎ ቢሆን ኖሮ አሥራ ሰባቱም እንደተዛቡ ታትመው ይወጡ ነበር፤ እኔም ያልነበረ ነገር ስፈራ እኖር ነበር።

በዘጠናኛው ቀን ሴሎችህ ከጤነኛው ግማሽ አለፉ። በመቶ ሰማንያኛው ቀን በጤነኛው ወሰን ውስጥ ገብተዋል፤ ከወሰኑ ታችኛ ጫፍ፣ ግን ውስጥ። የፀረ እንግዳ አካልህ መጠን ከነበረበት ከፍታ ወደ ሲሶ ወርዷል፤ ይህ የሚጠበቅ ነው። አስታዋሽ ሴሎችህ ግን በዝተዋል፤ የሚሠሩት ፀረ እንግዳ አካልም ከመጀመሪያው ይልቅ ቫይረሱን አጥብቆ የሚይዝ ሆኗል። ሌሎች ጥቂት ሴሎችህ ዛሬም በቀላሉ ይቆጣሉ፤ ይህ እስከ መቼ እንደሚቆይ አናውቅም፤ አናውቅም ብለንም ጽፈናል። እንግዲህ «እንደ ድሮዬ ሆንኩ ወይ?» ለሚለው ጥያቄህ መልሴ አልሆንክም ነው። ጠቋሚህ አርፏል። ያረፈበት ቦታ ግን ድሮ የነበረበት አይደለም፤ ያለፈበትን የሚያውቅ ቦታ ነው።

ጽሑፉን ከዚህ ጋር ልኬልሃለሁ። የዝምታው ስም ፊት ነው፤ የእኔ አራተኛ። ስድስተኛው ገጽ ላይ ከሥር ያሰመርኩበት አለ፦ «ከተሳታፊዎቹ የአንዱ መለያ ቁጥር ለናሙና አንባቢዋ ታውቆ ስለነበረ፣ አንባቢዋም ይህንኑ ራሷ ስላስታወቀች፣ ንባቦቹ በሙሉ ጉዳዩን በማያውቅ ሌላ ባለሙያ እንደገና ተከናውነዋል።» አንብበው።

እህትህ


ሐምሌ 21 ቀን

ለእታለም፤

ጽሑፉ ደረሰኝ። ከአሥራ አራቱ ገጽ የገባኝ አንድ ዓረፍተ ነገር ነው፤ እሱም ይበቃኛል። መሥሪያ ቤት ወስጄ አስነበብኩት። ልጆቹ «ጋሼ፣ የእህትዎ ስም አራተኛ ነው እኮ» አሉኝ። «ስሟን ተዉት፤ ስድስተኛውን ገጽ ግለጡ» አልኳቸው። አንደኛው አነበበና «ይኸ ስሕተት ነው እንዴ?» አለኝ። «ስሕተት ነበር» አልኩት። «አሁን ግን ሥራ ነው።»

መዝገቤን ደግሞ ኅዳር 2 ላይ ገልጬ «ቁጥር 4061» የሚለውን ሰረዝኩት፤ በጎኑም «ለእህቴ ተጽፎ የተላከ፤ መላክ አልነበረበትም» ብዬ ፈረምኩ። ከሥሩ በደንብ ይነበባል።

ትናንት የድንጋዩን ሳጥን ራሴ ይዤ ወጣሁ። አሥራ አንድ ኪሎ፤ ሃምሳ አራት ደረጃ። ሃያ ሰባተኛው ላይ ቆሜአለሁ፤ አልዋሽም። የቆምኩት ግን ደክሞኝ ብቻ አይደለም፤ ልጆቹ ከላይ ሆነው «ወራጅ አለ?» ሲሉ መልስ መስጠት ስለነበረብኝ ነው። «የለም፤ ንዳው!» አልኳቸው።

አሁን አንድ ነገር ልለምንሽ። ያ የኅዳር 12 ደብዳቤሽ፣ መልሼ የላክሁልሽ። ቀድደሽው ከሆነ ግድ የለም፤ አንዳንድ ሰው ገና ሲማር ይቀድዳል። ካለሽ ግን በላዩ አንድ መስመር ብቻ አስምሪበት፤ ቀንና ፊርማ አድርጊበትና ላኪልኝ። ሳጥኑ ውስጥ ቦታ አዘጋጅቼለታለሁ፤ ቀይ ክር ካሰርኩበት ድንጋይ ጎን።

ወንድምሽ


ነሐሴ 2 ቀን

ለጋሼ፤

ይኸው። አልቀደድኩትም ነበር።

መስመሩ አንድ ነው። ይነበባል።

እህትህ